በእንጦጦ ከረሙ

የነገሥታትን ዜና መዋዕል ማንበብ የሚወድ ሰው በየዓመቱ ታሪክ ማብቂያ ላይ አንዲት አጭር ግሥ ደጋግማ ታጋጥመዋለች። ንጉሡ ዘመቱ፤ ወንዝ ተሻገሩ፤ ተዋጉ፤ ድል አድርገው ተመለሱ፤ ከዚያም በዚህ ወይም በዚያ ከተማ «ከረሙ»። ለዘመቻው ብዙ ገጽ ይሰጠዋል። የመኳንንቱ ስም፣ የሰፈሩበት ሜዳ፣ የተማረከው ከብት ሳይቀር ይጻፋል። ክረምቱ ግን ያችን አንዲት ቃል ብቻ ያገኛል። ሦስት ወር በሦስት ፊደል።

እኔ ከዘመቻው ይልቅ ያችን ቃል እወዳታለሁ። ዝናቡ መንገዱን ሲዘጋው፣ አዋሽና ዓባይ ሲሞሉ፣ ሲራራ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ በቅሎውን ሲያሳርፍ፣ ወታደሩም ወደየቤቱ ሲበተን፣ ንጉሡ እንደ ማንኛውም ባለትዳር ከሚስቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጣል። በበጋ የንጉሥ ቤት ድንኳን ነው፤ ዛሬ ተተክሎ ነገ ይነቀላል። ግድግዳና ምድጃ ያለው ቤት የሚኖረው በክረምት ነው። እንግዲህ የአንድን ንጉሥ ትዳር ለማወቅ የሚሻ ሰው መጠየቅ ያለበት ክረምቱን ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ብዕሩን ያስቀምጣል።

ቋንቋችን ግን የክረምትን ነገር አልዘነጋውም። ተለያይቶ የቆየ ሰው ሲገናኝ «እንደምን ከረምክ?» ይባባላል፤ ወሩ ጥርም ይሁን ግንቦት ለውጥ የለውም። የሚመጣውን ዓመት «ከርሞ» እንለዋለን። በግእዝም ክረምት የሚለው ስም ወቅቱን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም ይጠራል። ዘመን የሚለካው ከርሞ ባሳለፉት ዝናብ ነው ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥረዋለች፤ ከዚህ በታች የማወሳው የባልና ሚስት ታሪክም በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለ ነው።

ባልየው ንጉሥ ምኒልክ፣ ሚስትየው ወይዘሮ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አይደሉም፤ ጣይቱም ገና እቴጌ አልተባሉም። በላያቸው ዐፄ ዮሐንስ አሉ፤ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. በልቼ ለዮሐንስ ገብረው ንግሥናቸውን ያጸኑት ከአምስት ዓመት በፊት ነበር።

አዲስ ተጋቢዎች ስላቸው አንባቢ ፈገግ ይል ይሆናል። ምኒልክ በዚያው በክረምት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ የተወለዱ ናቸውና 38 ዓመታቸው ነበር። ጣይቱም ሠላሳን ተሻግረዋል። ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር አይተዋል፤ ምኒልክ በወጣትነታቸው የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፣ በኋላም ከወይዘሮ ባፈና ጋር ብዙ ዓመት ኖረዋል። ስለዚህ ወጣቱ ዕድሜያቸው ሳይሆን ትዳራቸው ነው። በ1875 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው በቁርባን ተጋቡ። በዚያ ዘመን በሰማንያ ተጋብቶ በሰማንያ መፋታት የተለመደ ነበር፤ ቁርባን ግን አይፈታም። ሁለት ብዙ ያዩ ሰዎች ከእንግዲህ ሌላ ጎጆ አንቀልስም ብለው ወሰኑ እንደ ማለት ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው በሚያዝያ ማለቂያ ስለነበር ክረምቱ ሁለት ወር ብቻ ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ፋሲካ ተነሥተን፣ ሁሉም ሰው እስከሚያውቀው እስከ ኅዳር 1879 ዓ.ም. ድረስ፣ ማለትም ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው አዲስ አበባን እስከ ሰየሙበት ጊዜ ድረስ ስንቆጥር አራት ክረምት እናገኛለን። ስለ ፍል ውኃው በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ስለ አበባውም እንዲሁ። ስለ አራቱ ክረምት ግን ማን ነገረን? እኔ የአዲስ አበባ ታሪክ የሚጀምረው ከአበባዋ ሳይሆን ከእነዚህ ክረምቶች፣ በተለይም ከጓዳቸው ነው ባይ ነኝ።

እንጦጦ የተመረጠው በወንድ ዓይን ነው፤ ይህን ስል ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ ነው። ከላይ ሆኖ የሚመጣ ጦር ከሩቅ ይታያል፤ ከታች ሆኖ ለሚመጣ ጦር ግን አቀበቱ ራሱ ምሽግ ነው። ምኒልክ ኃይላቸውን ከአንኮበር ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ሲገፉ፣ በልቼና በወጨጫ ሰፍረው ወደዚህ የመጡት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነው። በተራራው ላይ የጥንት ነገሥታት ከተማ ፍርስራሽ መገኘቱም ነገሩን አከበረው፤ አዲስ ከተማ መቆርቆር ብቻ ሳይሆን የአባቶችን ከተማ መልሶ ማቅናት ሆነ። በ1874 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ያደረገ ሰው ምሽግ ቢያስብ፣ ቅርስ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ምሽግ ግን ይበርዳል።

በከፍታ ሺህ ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል እንደሚቀዘቅዝ የታወቀ ነው። በእንጦጦ አናትና በፍል ውኃ መካከል ያለው ከፍታ ከ600 ሜትር በላይ ስለሆነ ልዩነቱ ወደ አራት ዲግሪ ይጠጋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአዲስ አበባ በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ መሆኑን፣ በእነዚያ ወራት ጉሙ ከተራራው ላይ ቀኑን ሙሉ ላይነሣ እንደሚችል፣ መብረቁም ከፍታ እንደሚወድ አስቡበት። ያ አራት ዲግሪ ልብስ በሚደርቅበትና በማይደርቅበት ቤት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

እስቲ ወደ ጓዳው እንግባ። የንጉሥ ቤት ሁለት ሰው ተቃቅፎ እሳት የሚሞቅበት ቤት አይደለም፤ ግብር የሚበላበት ቤት ነው። እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት እያለ የተከፋፈለ ጓዳ አለው። መኳንንቱም፣ ጭፍራውም፣ ቄሱም፣ እንግዳውም ከዚያ ጓዳ ይበላል፤ ንጉሥ የሚያበላውን ያህል ነው ንጉሥ የሚሆነው። የዚህ ሁሉ ጓዳ እመቤት ደግሞ የቤቱ ሚስት ናት። ጣይቱ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሴት እንደነበሩ ይነገራል፤ ይህ ሁሉ በባልትናቸው ላይ የተጨመረ እንጂ ባልትናውን የተካ አልነበረም።

ክረምት ለባልትና ክፉ ጊዜ ነው። በብርድ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም፤ ዛሬም በሐምሌ አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ የምትጋግር ሴት ብትጠየቅ ትመሰክራለች። ጠጁም በጋኑ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በቆላ ፈጥኖ የሚብላላው በደጋ ብርድ ቀን ይቆጥራል። ብቅል ለማድረቅ ፀሐይ ይፈለጋል። በርበሬ ለማስጣት ፀሐይ ይፈለጋል። የነቀዘ እህል አውጥቶ ለማናፈስም እንዲሁ። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ሰኔ ሳይገባ በርበሬዋን ደልዛ፣ ሽሮዋን አስፈጭታ፣ ቋንጣዋን ሰቅላ፣ ድርቆሿን አዘጋጅታ መጠበቅ ነበረባት። ጎተራው የሚጎድልበትም ወቅት ይኸው ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ፣ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ለምለም ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ስለሚጾም ሥጋውና ቅቤው ለሁለት ሱባዔ ከማዕድ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ለወጥ ቤት ዕረፍት አይደለም፣ የጾም ወጥ እንዲያውም እጅ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ማገዶ ነው። እንጀራ በሌላ ነገር አይጋገርም፤ ወጥ በሌላ ነገር አይበስልም፤ ሰውም በሌላ ነገር አይሞቅም። እርጥብ እንጨት ደግሞ ያጨሳል እንጂ አይነድም። የሣር ክዳን ቤት ጢስ መውጫ የለውም፤ ጢሱ በክዳኑ ሥር እየተንከላወሰ ቀስ ብሎ በሣሩ መካከል ይወጣል። በበጋ ይህ ጥቅም ነበረው፣ ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቃልና። በክረምት ግን የራሰው ሣር ጢሱን አላሳልፍ ሲል ቤቱ ዓይን የሚያስለቅስ ይሆናል። በእንጦጦ ዙሪያ የነበረው ዛፍ ጽድና ወይራን የመሰለ የአገር ዛፍ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ቀስ ብለው የሚያድጉ፣ ተቆርጠው በሰው ዕድሜ የማይተኩ ናቸው። ቤት ለመሥራት ጽድ ይቆረጣል፤ ለአጥር ይቆረጣል፤ ለምድጃ ይቆረጣል። ከተማው በሰፋ ቁጥር ደኑ ይሸሻል፤ እንጨት የሚለቅሙት ሴቶችና አገልጋዮች በየዓመቱ ከትናንቱ ራቅ ብለው ይሄዳሉ፤ ሸክሙን ተሸክመው የሚመለሱት ደግሞ በጭቃ አቀበት ነው። የኢትዮጵያ የቀድሞ ከተሞች ከቦታ ቦታ ይዛወሩ የነበሩበት አንዱ ትልቅ ምክንያት የማገዶ ማለቅ እንደነበረ የታሪክ ሊቃውንት ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ «የማገዶ ማለቅ» የሚሉት ነገር በመጽሐፍ ላይ አንድ ሐረግ ነው። በጓዳ ግን በየማለዳው የሚነሣ ጥያቄ ነበር፤ ጥያቄው የሚቀርበውም ለእመቤቲቱ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ አጥር ውጪም ያው ነው፤ እንዲያውም የባሰ። በተራራው ዙሪያ ጎጆ የቀለሰው ጭፍራ በበጋ ከአለቃው ጋር ይዘምታል፤ ሚስቱም ብዙ ጊዜ ስንቁን ተሸክማ፣ ወፍጮዋን አስጭና ትከተለዋለች። ሁለቱ ያለ ጩኸትና ያለ ነጋሪት ፊት ለፊት የሚተያዩት በክረምት ነው። እሱ ኮርቻውን ይጠግናል፣ የጋሻውን ማንገቻ ያጠብቃል፣ ክዳኑ ያፈሰሰበትን ይደፍናል። እሷ ትፈትላለች። ማታ የመንዝ ባና ወይም ዝተት ያለው ይከናነባል፤ የሌለው አንዱን ጋቢ ለሁለት ይደርባል፤ በርኖስ ያለው ባል ደግሞ ለሚስቱ መስጠቱን ወይም አለመስጠቱን ማንም አልጻፈልንም። ልጅ የሚፀነሰውም በዚሁ ወቅት መሆኑን ለመገመት ትልቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ምኒልክና ጣይቱ ግን በትዳራቸው ልጅ አልወለዱም። ይህም በክረምት ቤት ውስጥ የሚሰማ ዝምታ ነው፤ በድንኳንና በነጋሪት መካከል ላይሰማ ይችላል።

ያ ቤት ዛሬም አለ። ወደ እንጦጦ ማርያም የወጣ ሰው ስምንት ማዕዘን ካላት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያገኘዋል፤ ነጭ ኖራ የተቀባ፣ ሣር የተከደነ፣ በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት ነው። በየጊዜው ታድሷል። በግቢው ውስጥ የሁለቱ መታሰቢያ ሙዚየምም አለ። እኔ ወደዚያ በወጣሁ ቁጥር የሚያስደንቀኝ የቤቱ ትንሽነት ነው። «ቤተ መንግሥት» የሚለው ቃል ይሰፋበታል። ጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ ትሕትናን ያነቡበታል፤ ንጉሡ እንዴት ያለ ተራ ቤት ውስጥ ኖሩ ይላሉ። እኔ ግን ብርድን ነው የማነብበት። ወፍራሙ ግድግዳ፣ ጠባቦቹ መስኮቶች፣ ዝቅ ያለው ጣሪያ፣ ሁሉም ሙቀት እንዳይወጣ የታሰቡ ናቸው። በሐምሌ አንድ ቀን እዚያ ውስጥ የቆመ ሰው ብርሃኑ ሲጠፋና እርጥበቱ ከግድግዳው ሲወጣ ሲሰማው፣ ለሦስት ወር ይህን መቋቋም ምን እንደሆነ ይገባዋል። ባልየው የእጅ ሥራና የመሣሪያ ነገር የሚወዱ፣ ከስዊሱ መሐንዲስ ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ስለ ልዩ ልዩ ብልሃት መወያየት የማይሰለቻቸው ሰው እንደነበሩ እናውቃለን። ብርዱን ግን ብልሃት አላገኙለትም።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በእንጦጦ ነበር። ግጥም መጻፉን ካቆመ ዓመታት አልፈው፣ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ በረሃ አሻግሮ ለምኒልክ ሊሸጥ መጥቶ ነው። በ1879 ዓ.ም. የካቲት ገደማ ከደረሰ በኋላ በዋጋው ተከራክሮ፣ በሟች ሸሪኩ ዕዳ ተዋክቦ፣ ገንዘቡን ሐረር ላይ ከራስ መኰንን እንዲቀበል ወረቀት ተሰጥቶት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ከአገሩ ሰው ከዡል ቦሬሊ ጋር ወደ ሐረር ወረደ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ዝናቡ ሳይዘጋው ነው የወጣው። ፈረንጅ ነጋዴ ስለ እንጦጦ የሚያውቀው የበጋውን እንጦጦ ነው፤ ጠመንጃውንና ክርክሩን። ራምቦ አንድ ክረምት እዚያ ከርሞ ቢሆን ኖሮ ዝም ያለው ብዕር ይፈታ ነበር አልልም። ግን በደብዳቤዎቹ ውስጥ ብዙ ስለ ሒሳብ፣ ጥቂት ስለ ጭቃ እናነብ ነበር።

ራምቦ ሲደርስ ምኒልክ በሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ። ነገራችን የሚዞረውም በዚሁ ዘመቻ ነው። በ1879 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ፣ በኅዳር፣ ንጉሡ ወደ ሐረር ዘመቱ፤ በገና ዕለት በጨለንቆ ድል አድርገው ከተማዋን ያዙ። ሚስትየው በዚያው ወር፣ ባል ከቤት በሌለበት፣ ሕዝባቸውን ይዘው ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ወረዱ። ታሪካችን ይህን ጉዞ እንደ ሽርሽር ነው የሚተርከው፤ ታጠቡ፣ ደስ አላቸው፣ አበባ አዩ፣ ስም አወጡ። እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል። አራት ክረምት ያሳለፈች የቤት እመቤት፣ አምስተኛው ሳይመጣ ሜዳ ላይ ቆማ ዙሪያውን ስትመለከት ይታየኛል። ውኃው ከመሬት ፈልቶ ይወጣል፤ እንጨት ሳይነድበት ሙቅ ነው! ማገዶ ሲያስጨንቀው የኖረ ሰው ብቻ ነው የዚህን ትርጉም እስከ ጥግ የሚረዳው። ጉሙ እዚህ አይወርድም። እህል የጫነ አህያ አቀበት ሳይወጣ ይደርሳል። አበባዋም ነበረች፤ አበባን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ለአንድ አበባ ተብሎ መናገሻ ከተማ አይዛወርም። ጣይቱ እዚያው ቤት መሥሪያ ቦታ ጠየቁ፤ ንጉሡም ፈቀዱ፤ መኳንንቱም በየፊናቸው ቦታ እየተመሩ ተከተሉ።

ይህን ስናወሳ መዘለል የሌለበት ነገር አለ። ሜዳው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ የሚል ስም ነበረው፤ የኦሮሞ ባላገሮች ይኖሩበት፣ ከብታቸውን ያጠጡበት ነበር፤ ጉለሌ ራሱ ዛሬ የክፍለ ከተማ ስም ከመሆኑ በፊት የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። የእነዚያ ባላገሮችም ባልና ሚስት ነበራቸው፤ ምድጃና ክረምት ነበራቸው። አንዱ ቤት ሙቀት ፍለጋ ወደ ሜዳው ሲወርድ ሌላው ቤት ከሜዳው ተነሣ። አዲሱ አበባ ለማን አዲስ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መውረዱም በአንድ ቀን አልሆነም። ባልየው ተራራቸውን ቶሎ የተው አይመስሉም፤ ቤተ ክርስቲያኗም እዚያው ነበረች። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ማርያም ተመርቃ ቅዳሴ ቤቷ ሲከበር ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር አበሉ። ስለዚያ ግብር ብዙ ተጽፏል። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ማዕድ የምንለው ነገር መልክ የያዘበት አጋጣሚ አድርጎ ያየዋል፤ የሰሜኑም የደቡቡም፣ የየአገሩ ወጥና መጠጥ በአንድ አዳራሽ የተገናኘበት ነው። ይህ አስተያየት ይስማማኛል። ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ያ ግብር ክረምት እንደወጣ፣ በመስክ ላይ አደይ ሲፈነዳ የተደረገ ነው። ማሩ ጠጅ የሆነው፣ በርበሬው የተደለዘው፣ እንጨቱ የተከመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። እንግዳው ያየው አዳራሹን ነው፤ ክረምቱን ያየችው ጓዳዋ ናት።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት በዚያችው በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ሁለት ቀን ቆይቶም ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ቤታቸው ወደ ታች እየወረደ ዘውዳቸው ላይ ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ማገዶው ብቻ ተከትሏቸው ወረደ። በአዲስ አበባም ዛፉ አልቆ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ቤት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ ባይበቅል ኖሮ ዛሬ የምንኖርባት ከተማ ሌላ ቦታ ትሆን ነበር። የእንጦጦን ራቁት ጀርባ ያለበሰውም ያው ዛፍ ነው። እስከ እኛ ዘመን ድረስ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከዚያው ተራራ፣ በዚያው ቁልቁለት፣ ለዚያው ምድጃ።

የምኒልክን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው። መጽሐፉ በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ በፓሪስ የታተመው በ1920ዎቹ ነው፤ በተጻፈበት በአማርኛ የታተመው ግን በ1959 ዓ.ም. ነው። የራሳችንን ታሪክ ፈረንጅ ከእኛ ቀድሞ ማንበቡ አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ በፈረንሳይኛም ሆነ በአማርኛ፣ ክረምቱ በሁለቱም ባዶ ነው። ሁለቱ ሰዎች ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ ምን ይባባሉ ነበር? ጣይቱ «ይህ ቤት አይሆነንም» ለማለት ስንት ክረምት ታገሡ? የአንዲት አገር መናገሻ ቦታዋን የለወጠው ንግግር በምክር አዳራሽ ሳይሆን በዚያ ጢስ ውስጥ እንደተነገረ አምናለሁ።

ምኒልክ ለዓመታት ታመው ከተኙ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በሕመማቸው ዘመን ሥልጣኑን ይዘው የቆዩትን እቴጌ መኳንንቱ አስቀድመው ከመንግሥት ሥራ አግልለዋቸው ነበር፤ ባል ሲሞት ደግሞ ከቤተ መንግሥቱ እንዲወጡ ተደረገ። የተላኩትም ወደ እንጦጦ ማርያም ነው። ወደዚያው ተራራ፣ ወደዚያው ነጭ ቤት።

ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ እንኳ ወደ ከተማው አልተመለሱም። በ1910 ዓ.ም. መግቢያ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ወደ ጎንደር ሄደው በዚያ ዕድሜያቸውን ለመጨረስ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። የጠየቁበትን ምክንያት ሰው ሁሉ ከፖለቲካ ጋር ያያይዘዋል፤ ይሆናል። እኔ ግን ክረምቶቹን እቆጥራለሁ። 1906፣ 1907፣ 1908፣ 1909፤ በሙሽርነታቸው ያሳለፉትን ያህል፣ አራት። ያን ጊዜ ወደ ስልሳ የተጠጉ ወይም ያለፉ፣ ባል የሌላቸው ሴት ነበሩ። ግብሩ ወደ ታች ወርዷል፤ ጋኑም፣ ጠጅ ቤቱም ወርዷል። ለአንድ ሰው ምድጃ የሚበቃ ባሕር ዛፍ በዙሪያቸው በቅሎ ነበር።

ሰማዩ የጠራ ዕለት ከእንጦጦ አናት ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ከተማዋ ከነጢሷ ትታያለች፤ በክረምት ግን ጉሙ ይሸፍናታል። እቴጌ ጣይቱ የሞቱት የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው፤ በበጋ። ዛሬ የሁለቱም ዐፅም ከተራራው በታች፣ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም፣ ጎን ለጎን አርፏል።